ጎብኚ ሲቀር ቅርስ ያለው ከተማ በምን ይኖራል?

የሮሃ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ዋለ።

ተወልጄ ያደግኩት ላሊበላ ነው። 11 ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ። አሁን አዲስ አበባ ታክሲ እነዳለሁ። ታሪኩ አጭር ነው። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ፣ ፈረንጅ ጠፋ። እሱ ትንሽ ረገብ ሲል ጦርነት መጣ። በ2013 መጨረሻ ከተማችን ድረስ ዘለቀ። መብራት ለወራት ጠፋ። ከዚያም ወዲህ ሰላሙ አንድ ቀን ብቅ፣ አንድ ቀን ጥልቅ ነው።

የምጽፈው ለማማረር አይደለም። የገረመኝ ነገር ስላለ ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ቅርስ ለዘላቂ ልማት» የሚል ባነር ይሰቀል ነበር። መሰላል ያለኝ እኔ ስለነበርኩ አብዛኛውን የሰቀልኩት እኔው ነኝ። ያ ዘላቂ የተባለው ነገር ጎብኚ በቀረ በ3 ወሩ አለቀ። ሆቴሎቹ አንድ በአንድ ዘጉ። ወደ አሸተን ማርያም ሰው የሚያወጡት በቅሎ አከራዮች በቅሏቸውን ሸጡ። እኔ መጀመሪያ ካሜራዬን ሸጥኩ፣ ቀጥሎ ፍሪጁን፣ በመጨረሻ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ግን እዚያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ላሊበላ ነበር። እነሱ 800 ዓመት ቆሙ፣ እኛ 3 ወር መቆም አቃተን።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጎብኚ በማይመጣበት ዓመት ቅርስ ለባለቤቱ ምን ይሠራለታል? ጎንደር፣ ሐረር፣ ኮንሶ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ቁም ነገር

መልሱ አጭር ነው፤ ምንም። ቅርስ አይበላም። ከተማ የሚኖረው በፋብሪካ፣ በመስኖ፣ በንግድ ነው። ድንጋይ እያሳዩ መኖር ማለት ሰው ደስ ሲለው ብቻ የሚመጣ እንጀራ መጠበቅ ነው። አትቀየሙኝ።

ወለላ ማር

እኔ አልቀየምም። ግን ቁም ነገር፣ በገና ሰሞን ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?

የእናቴን ግቢ ላሳይህ። ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ ያልጠራነው ሰው ይገባል። ከሰቆጣ፣ ከመቄት፣ ከራያ፣ አንዳንዱ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ። እናቴ በትልቁ ድስት ውሃ ታሞቅና በረንዳው ላይ ተንበርክካ እግራቸውን ታጥባለች። አንዴ አንዲት አሮጊት እግራቸው ተሰነጣጥቆ ደም ሲያዝ አይቼ አለቀስኩ። እሳቸው ግን «ምን ሆንሽ፣ ደርሻለሁ እኮ» ብለው ሳቁብኝ። እናቴ ገንዘብ አትቀበልም። ነውር ነው፣ ደግሞም በረከቱ ይቀርብናል ትላለች።

ጎረቤታችን ግን ጠላ ትሸጣለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ዳቦ ትጋግራለች። ወንድሜ ጧፍ፣ የባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ጫማ ይቸረችራል። ነጠላ ሸማኔው ከኅዳር ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ በገደሉ ጫፍ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ከታችም ከላይም የቆመው ሕዝብ በአብዛኛው በኪሱ ዶላር የለውም። ግን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለቤቱ ማስታወሻ ይገዛል። ፈረንጅ በቀረባቸው ዓመታትም የመጣ ሰው ነው።

የሚያናድደኝ ምን መሰለህ? ለፈረንጁ ስንት ሆቴል ተሠራ። ለተሳላሚው ስንት ሽንት ቤት ተሠራ? ስንት የውሃ ቧንቧ ተዘረጋለት? በደጉም በክፉውም ቀን ያልቀረውን እንግዳ አፈር ላይ አስተኝተን፣ ያልመጣውን ስንጠብቅ ኖርን።

ቁም ነገር

ጥሩ። ግን ገና አንድ ሰሞን ነው። የቀረውን ዓመት ማን ጧፍ ይገዛል?

ግዢ ክፍል

እኔ እዚያው ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ገዢ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ስለዚህ ስለ ቀሪው ዓመት ትንሽ ልበል።

ጎብኚ ሞልቶ በነበረበት ጊዜም ገንዘቡ ከተማዋ ውስጥ አያድርም ነበር። ፈረንጁ ጉዞውን የሚከፍለው አዲስ አበባ ወይም አውሮፓ ላለ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ለአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ ያኔ 50 ዶላር ይከፍል የነበረው ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ያ ደህና። የቀረው ምግቡ ነው። ቲማቲምና ሽንኩርቱን ከቆቦና ከወልዲያ አስጭን ነበር። ዕንቁላል ከመሐል አገር። ዕንቁላል! ላስታ ዶሮ ጠፍቶ ነው?

አንዲት እናት በየቅዳሜው ገበያ 40 ያህል ዕንቁላል በጭድ ሸፍነው ያመጡልኝ ነበር። ጥሩ ዕንቁላል። ሁለት ጊዜ ገዛኋቸው። ሦስተኛው ላይ ሒሳብ ክፍል «ደረሰኝ የታለ?» አለኝ። እኚያ እናት ደረሰኝ ከየት ያምጡ? ደረሰኝ ያለው ነጋዴ ከሩቅ በመኪና አምጥቶ ከእሳቸው ዋጋ በላይ ሸጠልኝ። መንገድ ላይ ግማሹ ተሰባብሮ።

ከዚያ በኋላ እንዴት ይደረግ ብዬ ጠይቄ ነበር። ሴቶቹ በማኅበር ተደራጅተው አንድ ደረሰኝ ቢይዙ ያልቅ ነበር። 20 ሴት፣ አንድ ደረሰኝ። ማንም ጊዜ አልሰጠውም። ሁላችንም ባነር ላይ ነበርን። (ሮሃ፣ መሰላሉ ያንተ ነበር ለካ!)

የሮሃ ልጅ

አዎ የኔ ነበር 😀 አሁን ያጎቴ ልጅ ባሕር ዛፍ ይመለምልበታል።

ዕንቁላሉ ነገር ገደለኝ። እውነት ነው። እኔ ራሴ ለእንግዶቼ «ላሊበላ ማለት ማር ይበላል ማለት ነው፣ ሲወለድ ንብ ከበበው» እያልኩ ስተርክ፣ ቁርስ ላይ የሚቀርብላቸው ማር በትንንሽ ፕላስቲክ የታሸገ ከውጭ የመጣ ነበር።

ካራት

ከኮንሶ ነኝ። እኛ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል።

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሲመዘግበው 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተመዘገበው ሐውልት ወይም ግንብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማሳው ነው። እርከኑ ነው። አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ካብ አለ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ። 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ይባላል። አገሩ ድንጋያማና ደረቅ ነው። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ሰዓት ዶፉን አውርዶ ይሄዳል። እርከኑ ባይኖር አፈሩ ዛሬ ታጥቦ ጨው ባሕር ሐይቅ ውስጥ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ጎብኚ ቢቀር ማሽላው አይቀርም። የሽፈራው ዛፍ ቅጠሉም አይቀርም። እኛ ቤት ሽፈራው በየቀኑ ነው፣ አዲስ አበባ በሻይ ከረጢት ሲሸጥ ሳይ ያስቀኛል።

አባቴ ዝናብ ያደረ ጠዋት ቡና ሳይጠጣ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ሩቅ ቆሞ ማሳውን በሙሉ ያያል። ካቡ ሆዱን የነፋበት ቦታ ካለ ከሩቅ ያውቀዋል። «ሆዱን ነፍቷል» ነው የሚለው። ቶሎ ካልፈታኸው ውሃው ራሱ ይፈታዋል፣ ከዚያ ከታች ያለው የጎረቤት ማሳ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የአንዱ ካብ የሁሉም ጉዳይ ነው። በደቦ ይሠራል። እምቢ ማለት የለም።

መንደሮቻችንም እንዲሁ ናቸው። ሞራ የሚባል የጋራ ቤት አለ። ወጣት ወንዶች እዚያ ያድራሉ። ጎብኚ ሲያየው «ደስ የሚል ባህል» ይላል። ነገሩ ግን ሥራ ነው። ሌሊት እሳት ቢነሳ፣ ሰው ቢታመም፣ የሚደርስ ጉልበት አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይገኛል።

ችግር የለም እንዳይመስላችሁ። ወጣቱ ይሄዳል። እርከን ደግሞ ጉልበት ነው፣ የሚክበው ከሌለ በጥቂት ክረምት ይፈርሳል። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ እየተተካ ነው፣ ሣሩም ጠፋ መሰል። የጀግና መታሰቢያ የነበሩት የእንጨት ዋካዎች ደግሞ ለሰብሳቢ ይሰረቁ ነበር። ሲወጡ የተያዙት አሁን ካራት ከተማ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ዋካ ሙዚየም ውስጥ ሳይ ደስም ይለኛል፣ ይደብረኛልም።

ዲላ ቡና

ካራት የጻፍከው እኛንም ይነካል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ነው የተመዘገበው። ሰው ትክል ድንጋዮቹን፣ ቱቱ ፌላንና ጨልባ ቱቲቲን ብቻ ያስባል። ድንጋዩ አለ፣ ግርማ ሞገስም አለው። ሕይወቱ ያለው ግን ዛፉ ሥር ነው። ከላይ ትልልቁ አገር በቀል ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ቡና። ተዳፋት ላይ፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ በሚኖርበት አገር፣ ጫካውን ሳይመነጥሩ መብላት ማለት ነው። ይርጋጨፌ የምትሏት ቡና ከዚህ ጥላ ሥር ነው የምትወጣው።

አንድ ሥጋት ብቻ ልጨምር። ቡናው ሲወደድ እንሰቱን ነቅሎ ቡና ብቻ፣ ወይም ጫት የሚተክል ሰው በዛ። ለአንድ ዓመት ያዋጣል። ቡና ዋጋው የወደቀ ዓመት ግን ቆጮ የሚያበላህ እንሰቱ ነበር። ሮሃ፣ ያንተ ፈረንጅ የኛ ቡና ማለት ነው። አንድ ነገር ላይ ብቻ የቆመ ሰው...

የጁገል ልጅ

ሐረር እዚህ አለሁ። አስጎብኚ አይደለሁም። በጌይ ጋር፣ ማለትም በባህላዊው የሐረሪ ቤታችን፣ ሁለት ክፍል ለእንግዳ አከራያለሁ።

ሐረር ጁገል የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። 82 መስጊድ፣ 102 አዋች የሚባሉ ቅዱሳን ሥፍራዎች፣ አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ አምስቱ በር፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ስለ ነደባ ላውራ። ነደባ መቀመጫው ነው፣ ደረጃ በደረጃ። በቀይ አፈር ነው የሚቀባው። በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። አያቴ በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ራሷ ትቀባው ነበር። አሁን ያንን አፈር አሽቶ፣ ውሃውን መጥኖ የሚቀባ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ብቻ ነው የማውቀው። የቀለም ቤት ቀይ ቀለም የሚቀቡም አሉ። ያብረቀርቃል፣ ዓመት ሳይሞላው ይላጣል። አስጠላኝ።

እንግዳ ሲጠፋ እኔን ያቆመኝ ምን መሰላችሁ? ሠርግ። ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ከድሬዳዋ፣ ከጅግጅጋ ይመጣሉ። ዘመድ የሚጠይቅ የውጭ አገር ሐረሪ ይመጣል፣ ሆቴል አይፈልግም፣ አያቱ ያደገችበትን ዓይነት ቤት ነው የሚፈልገው። ስፌቱንም የሚገዙት እነሱ ናቸው። ፈረንጅ ስፌት ሲገዛ ሻንጣ አይበቃውም እያለ ትንሿን ይመርጣል። ለሠርግ የሚገዛ ግን ግድግዳ ሙሉ ነው።

አንድ ቅሬታ፦ ቤቱን «ቅርስ ነው፣ አትንኪ» ይሉኛል። እሺ። ጣራው ሲያፈስስ ግን ማን ይምጣ? ቅርስ ነውና በሲሚንቶ አትሥሪ፣ በጥንቱ መንገድ ለመሥራት ደግሞ ባለሙያም ብርም የለም። ውሃ ደግሞ እንደ ጎብኚው ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል።

አሮጌ ግንበኛ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

ጎንደር ነኝ። ከ40 ዓመት በላይ ግንብ ሠርቻለሁ፣ አሮጌም አዲስም። የጁገሏ ልጄ ስለ ሲሚንቶ ያልሽው ልክ ነው። የፋሲል ግቢ ግንብ የቆመው በኖራ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ሲሚንቶ ገባበት። በኋላ ያ እየተነቀለ እንደገና በኖራ ተሠራ። ሲሚንቶ ትዕቢተኛ ነው፤ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ ውሃውንም ያፍናል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላል። ኖራ ግን ይተነፍሳል። ግንቡ ሲነቃነቅ አብሮት ትንሽ ይነቃነቃል። ቢሰነጠቅ እሱ ይሰነጠቅና ድንጋዩ ይተርፋል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። የተቃጠለው ኖራ ላይ ውሃ ስታፈስበት እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። ፊትህን አታስጠጋም። ከዚያ ይነጠራል፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ከላይ ውሃ ሳይለየው ለወራት ይቀመጣል። በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ጥሩ አሸዋ ይመረጥለታል። ግንቡ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። ሕፃን እንደማሳደግ ነው። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው አይሆንለትም።

ሦስት ልጆች አስተምሬ ነበር። ሦስቱም ኮንዶሚኒየም ሥራ ሄዱ። አልፈርድባቸውም። የቅርስ ጥገና ሲመጣ በአንድ ጊዜ ነው፤ ትልቅ በጀት፣ ትልቅ ሰሌዳ፣ ሥራው ለጥቂት ወራት ይጦፋል። ከዚያ ዓመት ሁለት ዓመት ዝም ይላል። ቤተሰብ ያለው ሰው ዝምታ አይበላም። ጭቃ ቤት እንኳ በየዓመቱ ይለቀለቃል። ግንብ ለምን 20 ዓመት ይጠብቃል? ትንሽ ትንሽ፣ በየክረምቱ ማግሥት ቢታይ፣ በየከተማው አምስት ስድስት ሰው ዓመቱን ሙሉ እንጀራ አለው። ፈረንጅ መጣም ቀረም ዝናቡ መምጣቱ አይቀርም።

ካራት

ጋሼ እጅዎን ይባርከው። «ዝናቡ መምጣቱ አይቀርም» የአባቴ ንግግር ነው የመሰለኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ ለአገር ቤት ቅርስ ገንዘብ ይሰበሰባል። ሰው ይሰጣል፣ እውነት ለመናገር በለጋስነት ነው የሚሰጠው። ግን ሁሌም ለሕንፃ ነው የምንሰጠው፤ አዲስ ጣራ፣ አዲስ አጥር፣ አዲስ እምነ በረድ። እምነ በረዱ አንዳንዴ አሮጌውን ሥራ ሸፍኖት ይገኛል፣ እኛም ፎቶውን አይተን እልል እንላለን። የአንድ ግንበኛ የዓመት ደመወዝ ስጡ ተብለን ግን አናውቅም። ማን ይጠይቀን? እኔ በበኩሌ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ያን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም።

የላስታ እህት

ጥገናው ይሁን። እኔ ግን ሰው የሚረሳውን ላንሳ፤ ሰዉን።

አክስቴ ቤቷ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙም አይርቅም ነበር። ባለ ሁለት ፎቁ ክብ የላስታ ቤት፣ በቀይ ድንጋይ የተሠራው። አካባቢው ለቅርሱ ሲባል ይጽዳ ተባለና ከሌሎች ጋር ተነሳች። ካሳ ተሰጣት፣ ሌላ ቦታ ቆርቆሮ ቤት ሠራች። ቤቷ ግን አልፈረሰም፣ «ባህላዊ ቤት» ተብሎ ባዶውን ቆመ። አስጎብኚ ፈረንጅ ይዞ ያሳየዋል። እሷ ጠላ ስትጠምቅበት፣ ዶሮ ሲገባበት የነበረው ቤት። አንድ ቀን አብራኝ በዚያ አለፍን። ቆማ አየችውና «አመድ የለውም» አለች። እሳት የማይነድበት ቤት ምስጥ ይበላዋል፤ ጭሱ ነበር ጣራውን የሚጠብቀው።

ለሰዉ አይመችም ነበር፣ እሱን አልክድም። ፍሳሹ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ይወርድ ነበር፣ ሽንት ቤት አልነበረም። ግን ሽንት ቤት መሥራትና ሰው ማንሳት አንድ ነገር ናቸው?

የሮሃ ልጅ

ወይኔ። ያንን ቤት እኔም አሳይቼዋለሁ። «የላስታ ባህላዊ ቤት» እያልኩ። ይቅርታ ንገሪልኝ።

ግዢ ክፍል

የመጠለያውን ጣራስ ማን ያንሳው? በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ላይ የተተከለው። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ጊዜው ግን አያልቅም። በ2011 መጀመሪያ ሕዝቡ ብረቱ ይወድቅብናል ብሎ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አብረን እንሠራለን አሉ። ዝናቡን ከልክሏል፣ እሱን አልክድም። ግን አሮጌ ግንበኛው ሲያወሩ ያሰብኩት ይሄን ነው። ያ ሁሉ ብረት ከባሕር ማዶ ተነድፎ መጣ። ብሎኑ ሲላላ የሚያጠብቅ የከተማ ልጅ ሠልጥኖበት ነበር? ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ሲጠገን ግን የአገሬው ልጆች ገብተው ሠርተዋል። እጅ የነካው ነገር ሌላ ነው፣ አሁንም ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩታል።

የመቄት ሰው

ስለ ጎብኚ ክፉ ክፉውን ብቻ አታውሩ። እኛ ጋ ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ተስፋ የሚባለው የማኅበረሰብ ጉዞ ተጀመረ። መቋት ማርያም ገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆዎች ተሠሩ፣ ፈረንጁ ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ አህያ ዕቃውን ይሸከማል። አብሳዩ፣ መንገድ መሪው፣ ዘበኛው ገበሬ ነው፣ በተራ። ጠዋት ከጎጆው ሲወጡ ጭላዳ ከገደሉ ሥር ይወጣል። እንግዳው የሚበላው እኛ የምንበላውን ነው፤ ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ዳቦ።

ቁም ነገሩ ምንድን ነው? ማንም እርሻውን ጥሎ አልገባበትም። ተራህ ሲደርስ ትሄዳለህ፣ ሲያልቅ ወደ በሬህ ትመለሳለህ። ጎብኚው ሲቀር ተጎዳን፣ የጨውና የደብተር ብር ቀረብን። ግን የተሰደደ የለም። ሮሃ፣ አንተ ሙሉ ሰውነትህን ሰጥተኸው ነው የጣለህ።

ቁም ነገር

እሺ፣ ትንሽ ልለስልስ። ፋብሪካ ያልኩት ይቆየኝና፣ አንድ ነገር ግን እያየሁ ነው። ኮንሶም ጌዴኦም መቄትም ቅርሱን ለማሳየት ብለው አልሠሩትም። ሊበሉበት፣ ሊያድሩበት ነው የሠሩት። ላሊበላ ግን ቤተ መቅደስ ነው። ማሽላ አይበቅልበትም። ታዲያ ላሊበላ ላይ ኮንሶን እንዴት አድርገን እናምጣ? የዕንቁላሉ ደረሰኝ ይመጣ ይሆናል፣ ሽንት ቤቱም። ሌላስ?

ወለላ ማር

ቁም ነገር ተለሳለሰ፣ ይመዝገብልን!

ሌላ ምን መሰለህ፤ መስቀል የሚቀርጽ አለ፣ ብራና የሚፍቅ አለ፣ ነጠላ የሚሠራ አለ፣ ንብ የሚያነባ አለ። እነዚህ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ስላለ የኖሩ ሙያዎች ናቸው እንጂ ፈረንጅ ስለመጣ የተፈጠሩ አይደሉም። ፈረንጁ ሲመጣ ግን ጥድፊያ መጣ። መስቀል ቀራጩ ጎረቤታችን ድሮ አንዱን መስቀል ሳምንት ይዞ ይቀመጥ ነበር። በኋላ በቀን አምስት ማውጣት ጀመረ፣ እንጨቱን በጫማ ቀለም እያጠቆረ «ጥንታዊ» እያለ። ፈረንጅ ሲቀር ገዢ አጣ፣ ምክንያቱም ያንን መስቀል የሚያውቅ ካህን አይገዛውም። አሁን ወደ ቀድሞው አሠራር ተመልሷል። በወር ሦስት አራት ይሸጣል፣ ለየአጥቢያው። ደሃ ነው፣ ግን አልቆመም።

የጁገል ልጅ

በጫማ ቀለም! እኛም ጋ አለ፣ በሻይ ውሃ የተነከረ አዲስ ወረቀት «የጥንት መጽሐፍ» ሆኖ ይሸጣል።

የሮሃ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተሳፋሪ ስጠብቅ ይሄን ክር ነው የማነበው። ትናንት አንዲት ተሳፋሪ «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።

ጋሼ አሮጌ ግንበኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። 38 ዓመቴ ነው። ታክሲው የሰው ነው፣ የኔ አይደለም። 11 ዓመት «ይህ ስንጥቅ እዚህ፣ ያ ስንጥቅ እዚያ» እያልኩ ለሰው ሳሳይ ኖርኩ፣ አንዱንም ደፍኜ አላውቅም። የኖራውን ሥራ ለመማር ረፍዶብኛል?

አሮጌ ግንበኛ

ልጄ፣ ኖራ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ወገብ ነው የሚጠይቀው። ወገብህ እንዴት ነው? ታክሲ ሲነዱ መዋል ለወገብ ጥሩ አይደለም ትላለች የልጅ ልጄ።

ክረምቱ ይውጣ። ክረምት ላይ ኖራ አይያዝም። ከመስቀል በኋላ ጎንደር ና። እስከዚያ መንገዱም ሰላም ይሁን። ቤት አለ፣ ምግብ አለ። ደመወዝ አልሰጥህም፣ እኔም የለኝም። መጀመሪያ ወር የምታደርገው ማንጠር ብቻ ነው፣ ትሰለቻለህ። ጓንት ይዘህ ና። ጫማህም አሮጌ ይሁን፣ ኖራ ቆዳ ይበላል።

ቁም ነገር

ቅርስ አይበላም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ራሱ ይበላል ለካ 😀

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሮሃ፣ የጎንደር ትኬትህንና የጓንቱን ሒሳብ ለእኔ ተወው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የሮሃ ልጅ

ጽፌልሃለሁ። ጋሼ፣ ወገቤ ደህና ነው። ብሩሽ ነገር ላምጣ ወይስ እዚያው አለ?